«በቢም እንሰራለን» ሲሏችሁ ፋይሉን ጠይቁ

ቤት ልታሰሩ ያሰባችሁ፣ የፕላን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ።

ጂ ፕላስ ቱ ላሰራ አንድ የዲዛይን ቢሮ ሄድኩ (ስሙ ይቅር)። በተለመደው ፕላን ከተስማማን በኋላ ሰውዬው «ለምን በቢም አንሰራልዎትም?» አለኝ። እኔ ደግሞ ኮለን ላይ የሚጋደመው ቢም መስሎኝ «እሱማ መቼም ይኖራል» አልኩት። ሳቀና አስረዳኝ። እሱ የሚለው ቢም «ቢውልዲንግ ኢንፎርሜሽን ሞዴሊንግ» (BIM) የሚባለው አሠራር ነው። ቤቱ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ይገነባል፤ ግድግዳው፣ ስትራክቸሩ፣ የውሃና የመብራት መስመሩ አንድ ሞዴል ውስጥ ይገባል፣ የሚጋጭ ነገር ካለ እዚያው ይታያል፣ የብሎኬቱና የብረቱ ብዛትም ከዚያው ይወጣል። ጭማሪው 180 ሺህ ብር። አፍርሶ መስራት ይብሳል ብዬ ከፈልኩ።

የተሰጠኝ ግን የሚያምር ትሪዲ ስዕልና የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ግራጫ ሶፋ ሁሉ አለ።

የመጀመሪያው ሶሌታ ካሳፎርማ ተመቶ ፌሮ እየታሰረ ፎርማኑ ደወለ። «ጋሼ፣ የሽንት ቤቱ ቱቦ በየት ይለፍ?» ሄጄ ሳይ የ110 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ መስመር ቀጥ ብሎ ቢሙ ሆድ ውስጥ ይገባል። መሐንዲሱ «ቢም አይበሳም» አለ፣ ልክ ነው። ቱቦው በቢሙ ስር አለፈና የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ወረደ። ይሄን እኮ ነው ሞዴሉ ቀድሞ ማሳየት የነበረበት! ሞዴሉን ላኩልኝ ስላቸው ፒዲኤፍ ላኩልኝ። ለካ ሞዴል የተሰራለት አርክቴክቸሩ ብቻ ነው፤ ስትራክቸሩና ሳኒተሪው በየፊናቸው በአውቶካድ፣ ማለትም በተለመደው የፕላን መሳያ ፕሮግራም ነው የተሳሉት።

ቴክኖሎጂውን አልረግምም። እንግሊዝ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕከላዊ መንግሥቱ ለሚያሰራቸው ግንባታዎች ግዴታ አድርጋዋለች። ቤዝመንትና ሊፍት ላለው ትልቅ ሕንፃ ከሆነ ያዋጣል። ለእኔ ቢጤ ቤት ግን ሦስቱ ባለሙያዎች ፕላናቸውን ደራርበው ቢያዩት ይበቃ ነበር፣ ያ ደግሞ ድሮም ስራቸው ነው።

የግድ ካሰራችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። የሞዴሉ ፋይል ራሱ፣ ሬቪት በሚባለው የሞዴል መስሪያ ፕሮግራም የተሰራው ወይም አይኤፍሲ የሚባለው (በተለያዩ ፕሮግራሞች የሚከፈተው) ዓይነት፣ ለእናንተ ይሰጥ፣ ስትራክቸር፣ ሳኒተሪና ኤሌክትሪክ ሁሉም ሞዴሉ ውስጥ ይግባ፣ የግጭት ሪፖርቱን ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። ሳይት ላይ ለውጥ ሲመጣ ሞዴሉን ማን እንደሚያስተካክልም ይጻፍ። የምትፈልጉት ስዕል ብቻ ከሆነ ስዕል ብላችሁ ግዙ፣ ዋጋው በጣም ያንሳል።

ብሬን መልሱልኝ ብዬ ሄጄ ነበር። ሌላ ቪዲዮ በነፃ እንስራልዎት አሉኝ፤ የማታ እይታ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ።