በ4,500 ብር የገዛሁት ነፃ ሶፍትዌር

አቦ ድሬዎች፣ በተለይ የቢሮ ኮምፒውተር የምትጠብቁ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። በቴሌግራም «የአይቲ አድሚን ሙሉ ፓኬጅ፣ አዲስ ቨርዥን፣ ላይፍታይም» እየተባለ በፍላሽ የሚሸጥ ነገር አለ። እንዳትገዙ። እኔ ገዝቼ 4,500 ብር ተበልቻለሁ፣ ብሩ ደግሞ ትንሹ ነገር ነው።

ቢሯችን ሳቢያን ነው፣ 14 ኮምፒውተር አለን። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ካቆመ ወዲህ አለቃዬ «ወደ 11 መቼ ነው የምታሻግረን?» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። ኢንተርኔታችን ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሩፈስ (የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ የሚሠራው)፣ ክሎንዚላ (ዲስክ እንዳለ የሚገለብጠው)፣ ፑቲ (ከሰርቨር ጋር በርቀት የሚያገናኘው)፣ ሰቨን ዚፕ (ፋይል የሚያሽገውና የሚፈታው)፣ ዋየርሻርክ (በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚያሳየው)፣ ሲስኢንተርናልስ (የዊንዶውስ መመርመሪያ መሣሪያዎች ስብስብ) ሁሉም በአንድ ፍላሽ ከነላይሰንስ ካርዱ ሲባል ተገላገልኩ ብዬ ደወልኩ። ልጁን ከዚራ አንድ ጁስ ቤት በር ላይ አገኘሁት፣ የመጣበትን ባጃጅ እንኳ አላሰናበተም።

«ይሄ ነፃ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«አቦ አታካብድ! ነፃው ለግለሰብ ነው፣ ለቢሮ ይከፈልበታል።»

ያመንኩት ወድጄ አይደለም። እንደ ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ያሉት፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማዘዝ የሚያገለግሉት፣ እውነትም ነፃ የሆኑት ለግል መጠቀሚያ ብቻ ነው። ልጁ የነሱን እውነት ወስዶ በሌሎቹ ላይ ለጠፈው። ፑቲን ሳይመን ታተም የሚባል እንግሊዛዊ የጀመረው ነው፣ ለቤትም ለቢሮም ነፃ ነው። ሰቨን ዚፕ፣ ክሎንዚላ፣ ዋየርሻርክ፣ ሩፈስም እንደዚያው። ሲስኢንተርናልስን ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ገዝቶ ራሱ በድረ ገጹ በነፃ ይሰጣል። ላይሰንስ ካርድ የሚባል ነገር የላቸውም። የኔ ካርድ ግን ላሚኔት ተደርጎ ሲሪያል ቁጥር ሁሉ ነበረው፣ ቁጥሩን የምታስገቡበት ቦታ ነው በአንዱም ፕሮግራም ላይ የሌለው።

አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ዳታውን ከፍሎ አውርዶ በፍላሽ ቢሰጠኝና ለድካሙ 200 ብር ቢቀበለኝ ምንም አልልም። የዚህኛው ግን ሌላ ነው።

ፍላሹ ውስጥ «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፉ» የሚል ወረቀት መሳይ ፋይል ነበር፤ ዲፌንደር ማለት የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ ነው። እዚህ ጋ ነበር መቆም የነበረብኝ። አጥፍቼ ሦስት ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ፣ አንዱ የሂሳብ ክፍል ነው። በሦስተኛው ቀን የሂሳብ ሹሟ ጠራችኝና «አንተ፣ ይሄ ነገር ሊበር ነው እንዴ?» አለችኝ። ፋኑ ይጮሃል። የትኛው ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ስከፍት ጸጥ ይላል፣ ስዘጋው ይጮሃል። አራት ጊዜ ደጋገምኩት፣ አራቱንም ጊዜ እንደዚያው። ሰው እያየው መሆኑን የሚያውቅ ነገር ውስጡ ተቀምጧል ማለት ነው፣ በሰው ኮምፒውተር ጉልበት ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩት ቫይረሶች እንዲህ መደበቅ ያውቃሉ።

ከዚያ ሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውቶራንስን አወረድኩ፣ እሱም ከሲስኢንተርናልስ አንዱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ሁሉ ይዘረዝራል። ከመሃል ሰሪው የማይታወቅ፣ ስሙ የዊንዶውስ የሚመስል አንድ ፋይል ወጣ፣ የተፈጠረበት ቀን ፍላሹን የሰካሁበት ቀን ነው። በ4,500 ብር የገባውን ጉድ በነፃው አገኘሁት እላችኋለሁ።

ፍላሹንም ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። ሩፈስ 2 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ የነሱ 41 ነበር። ትክክለኛውን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ሲግኔቸርስ (የሰሪው ዲጂታል ፊርማ) የሚለውን ስትከፍቱ አኬዮ ኮንሰልቲንግ የሚል ስም ታያላችሁ። በነሱ ላይ ክፍሉ ራሱ የለም። «አዲስ» የተባለው ሰቨን ዚፕ ደግሞ 23.01 ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2023። ከኢንተርኔት የመጣ ዚፕ ስትፈቱ ዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ እንዳያሳይ የሚያደርገው የደህንነት ቀዳዳ የተደፈነው በ24.09 ነው፣ ሰቨን ዚፕ ደግሞ ራሱን በራሱ አያድስም፣ እናንተ ካላደሳችሁት እንዳረጀ ይቀመጣል።

እና ከሰሪው ድረ ገጽ ራሱ አውርዱ። ጉግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ ማስታወቂያ ሆኖ የሚመጣውን አትንኩ፣ በፑቲና ዊንኤስሲፒ በሚባለው ፋይል ማስተላለፊያ ስም የውሸት ማስታወቂያ እየተለቀቀ ስንት አይቲ ተበልቶበታል። ካወረዳችሁ በኋላ ፓወርሼል (የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ ጌት ፋይልሃሽ በሚለው ትዕዛዝ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ሰሪው ድረ ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር አስተያዩ። ፑቲም ዋየርሻርክም ያስቀምጣሉ። አንድ ፊደል ከተለየ አትጫኑት። ዳታ ካነሰባችሁ ማታ ማታ አንድ አንዱን አውርዱ፣ አንድ ፍላሽ ላይ አጠራቅሙና ለጓደኛ አውሱ።

እኔ ሦስቱንም ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌ የሁሉንም ሰው ፓስወርድ አስቀየርኩ፣ የሂሳብ ፋይሉ ባክአፕ ስለነበረው ተረፍኩ። ለልጁ ብሬን መልስ ብዬ ስጽፍለት ሁለቱ ሰማያዊ ምልክት መጣ፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ቻናሉ ባለፈው ሳምንት ስሙን ቀይሯል፣ ዋጋው 5,200 ገብቷል፣ ካርዱ ያው ነው። ማየት የሚፈልግ ካለ ቢሮ ይምጣ፣ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ፍላሹን ግን አልሰጥም።