ሞተር ለተቃጠለባችሁ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ ያለው ሞተር ጠምጣሚ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ኩታበር፣ ሐርቡ ወፍጮ ቤት ወይም የእንጨት ሥራ ያላችሁ፣ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ሞተር ሲቃጠል ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው "ማን ነው በርካሽ የሚጠመጥም?" ብለን ነው። እኔ ግን ከአሁን በኋላ የምጠይቀው ማን ቁርጡን እንደሚነግረኝ ነው። ሥራ ቆሞ፣ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ፣ ከገንዘብ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሰኞ ገበያ ያለው፣ የተቃጠለውን የሞተር ሽቦ አውጥቶ በአዲስ የሚጠመጥመው ይሄ ቤት ቁርጡን ይናገራል።

ቤቱ ስም የለውም። ቆርቆሮ በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም "ሞተር እንጠመጥማለን" ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። አካባቢው ደርሳችሁ "ሞተር ጠምጣሚው" ካላችሁ ማንም ያሳያችኋል።

እኔ ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሞተሩ 20 የፈረስ ጉልበት ነው፣ 15 ኪሎ ዋት። አረፋ ሊገባ ሲል፣ ማሽላውና ጤፉ በሩ ድረስ ተደርድሮ፣ መብራት ሄደ መጣ ሄደ መጣ ሲል ቆየና በመጨረሻ ሲመለስ ሞተሩ እምም ብሎ ቀረ። አልዞረም። ልጁ ማብሪያውን እስኪዘጋ ድረስ ቤቱ በጭስ ተሞላ።

ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ተቃጥሎብኝ ሌላ ቦታ ወስጄው ነበር፤ የማን እንደሆነ አልጠራም። "ነገ ይደርሳል" አሉኝ። ነገ ሄድኩ፣ "ነገ"። እኔም በተራዬ ለአስፈጪዎቼ "ነገ" እላለሁ። እህል ተሸክሞ መጥቶ እንደገና ተሸክሞ የተመለሰ ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። ያኔ የሄዱብኝ ሴቶች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፣ አልፈርድባቸውም።

እዚህኛው ቤት ግን ባለሙያው ሞተሩን ከፍቶ ሳያይ ቀን አልቆረጠም። ከፈተው፣ በባትሪ ወደ ውስጥ አበራና ጠራኝ። "እህቴ፣ ነይ እይው" አለኝ። ከሦስቱ ጥምጥም አንዱ ከሰል መስሏል፣ ሁለቱ ግን መዳባቸው አሁንም ያብረቀርቃል። "ጭነት በዝቶበት ቢሆን ሦስቱም እኩል ይጠቁሩ ነበር። ይሄ አንድ ፌዝ፣ ማለት ከሦስቱ የመብራት መስመር አንዱ፣ ጠፍቶበት ነው፣ በሁለቱ ልነሳ ሲል የተቃጠለው" አለኝ። ዴልታና ስታር ሦስቱ ጥምጥም እርስ በርስ የሚያያዙባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ እንደኔ ሞተር በዴልታ ለሚሠራ ነው ይሄ ምልክት። በስታር ለሚሠራው ደግሞ በተቃራኒው ሁለቱ ይጠቁሩና አንዱ ይተርፋል። ይሄን ያወቅኩት ከሱ ነው። ከዚህ በፊት ሞተር ጠምጥሞ ከመስጠት ያለፈ፣ ለምን እንደተቃጠለ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀኑን ነገረኝ። ረጅም ነበር። ከአረፋ በኋላ ነው። "ጥምጥሙ የሚነከርበት ቫርኒሽ በደንብ ሳይደርቅ ብሰጥሽ ከበዓል በፊት ትደሰቻለሽ፣ ከበዓል በኋላ ትመለሻለሽ" አለኝ። ደነገጥኩ፣ ለመንኩት፣ ዋጋ ልጨምር አልኩት። አልተነቃነቀም። "አብሽሪ፣ መላ አናጣለትም" ብሎ ከጥግ አንድ አሮጌ 10 የፈረስ ጉልበት ሞተር አስወጣልኝ። ውሰጂው፣ ግን ግማሽ ጉልበት ነው ያለው፣ እህሉን ቀስ አድርገሽ ልቀቂበት፣ አትጫኚው አለኝ። ለመያዣ የጠየቀኝ የኔው ሞተር እሱ ጋ መቀመጡን ብቻ ነው።

ቁርጡን ማወቄ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ተመልሼ ለሰልፈኞቹ እውነቱን ነገርኳቸው። ለበዓል የሚያስፈልገውን ጤፍ ብቻ እፈጫለሁ፣ በትንሽ ሞተር ስለሆነ ወረፋው ይረዝማል፣ ማሽላና በቆሎ የያዛችሁ ወደ ጎረቤት ወፍጮ ሂዱ፣ እኔ ራሴ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ተቆጡ። እማማ አንዷ ግን "ልጄ፣ ይሄን ካልሽኝ ይበቃል፣ ልሂድና ልመለስ" አሉ። ተመለሱም። ብዙዎቹ ተመለሱ። ጠምጣሚው ቀኑን ባይነግረኝ ኖሮ እኔ ለነሱ ምን እላቸው ነበር? ያው "ነገ" ነው።

ስለ ሥራው ጥራት ልንገራችሁ። አሮጌውን ሽቦ ሲያወጡ አንድ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ የዙሩን ቁጥር እየቆጠረ በደብተር ይጽፋል፤ የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ይለካል። አዲሱ የሚጠመጠመው በዚያው ልክ ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሽቦውን ትንሽ ቀጠን አድርጎ ያተረፈ ጠምጣሚ ሞተሩን ያስነሳላችኋል፣ ለወራትም ይሠራል፣ ከዚያ ግን ሳታስቡት እየጋለ ይሄዳል። አሮጌውን መዳብ ደግሞ በፊታችሁ መዝነው ወይ ይሰጧችኋል ወይ ከሂሳብ ይቀንሱላችኋል። ሌላ ቦታ የምታስጠመጥሙ ከሆነም አሮጌ መዳባችሁ የት እንደገባ ጠይቁ፣ ገንዘብ ነው።

ሲያስረክቡኝ ሞተሩን አስነስተው ሦስቱንም መስመር በክላምፕ ሜትር፣ ገመዱን አቅፎ አምፔሩን በሚለካው መሣሪያ፣ አንድ በአንድ ለኩልኝ። ሦስቱም ቁጥር ተቀራራቢ መሆኑን ካላያችሁ ከዚያ ቤት አትውጡ፤ ይሄን ራሱ ባለሙያው ነው ያስተማረኝ። ኩሽኔታውንም ያለ ተጨማሪ ልመና ቀይሮታል፣ አሮጌውን በእጄ አስይዞ እያሽከረከረ የሚሰማውን ንዝረት አሳይቶኝ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ሞተሩን ከመስጠቱ በፊት ስለ ቦርዴ፣ ሞተሩን ስለሚያስነሳውና ስለሚያጠፋው የመብራት ሳጥን፣ የጠየቀኝ ነው። ፎቶ አንስቼ አሳየሁት። ከዚህ በፊት ቦርዱን የሠራልኝ ሰው ኦቨርሎዱን፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ መብራት ሲስብ መቁረጥ ያለበትን፣ 50 አምፔር ላይ ነው ያሰረው። የሞተሩ ታርጋ ላይ የተጻፈው 29 ነው። በዚህ አያያዝ ኦቨርሎዱ አለ ከሚባል የለም ቢባል ይሻላል፤ ሞተሩ ተቃጥሎ አመድ እስኪሆን አይቆርጥም። ታርጋው ላይ ባለው ልክ አስተካክይው፣ አንድ ፌዝ ሲጠፋ ራሱ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያም አስገቢ አለኝ። የመቆጣጠሪያው ዋጋ ከማስጠምጠሚያው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። እሱ አይሸጠውም፣ ከሌላ ሱቅ ነው የገዛሁት። ሞተሬ ባይቃጠል እንጀራውን የሚያጣው ሰው ነው ይሄን የመከረኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ተወላግዶ መጥቷል፣ መቆጣጠሪያው ጠቅ ብሎ ይቆርጣል፣ እኛም ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

ርካሽ ነው? አይደለም። ከጠየቅኳቸው ቦታዎች ሁሉ ይወደዳል። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ጨምሯል፣ የመዳብ ሽቦም አልቀረለትም። እዚህ ቤት በፈረስ ጉልበት በደፈናው አይደለም የሚያስከፍሉት፣ የገባውን ሽቦ በኪሎ መዝነው፣ የእጅ ዋጋውን ለይተው ነው። ስለዚህ ቢወደድም ገንዘቤ የት እንደገባ አውቃለሁ። የምትቸኩሉ ከሆነና "ብቻ ይነሳልኝ" ካላችሁ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ እዚህ ትጣላላችሁ።

ቅር ያለኝንም ልናገር። ስልክ አያነሱም። እጃቸው ቫርኒሽ ውስጥ ነው ይላሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ለሚመጣ ሰው አንድ ስልክ የሚያነሳ ልጅ ማስቀመጥ አለባቸው። በተለይ ክረምት ላይ፣ ሐረጎ በጉም ሲዘጋ፣ ከንቱ ምልልስ ያማል። ቦታው ጠባብ ነው፣ መኪና በሩ ድረስ አይገባም፤ ሞተር የሚያወርድና የሚጭን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ የሚያግዝ አታገኙም። ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይሰጡም። ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከባለሙያው ሳይሆን ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ ከነበሩ ጋሼ የሰማሁትን። በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ይሄም ቤት እንደ ብዙው ሱቅ ተዘርፏል። መሣሪያው ሄደ፣ ሽቦው ሄደ፣ ሊጠገን የገባ የሰው ሞተርም ሄደ። ጋሼ ሞተራቸው እዚያ ውስጥ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ከተማው ሲመለስና ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ የተረፈችው ያቺ የመዝገብ ደብተር ነበረች። ባለሙያው ደብተሯን ይዞ እያንዳንዱ ባለ ሞተር ጋ ሄደ። "የለኝም፣ ግን ያንተን ሞተር አውቀዋለሁ፣ እከፍልሃለሁ" አላቸው። የጦርነት ጉዳት ነው፣ ማንም አይጠይቀውም ነበር። ለጋሼ ገሚሱን በገንዘብ፣ ገሚሱን በሥራ ከፈላቸው፤ ረጅም ጊዜ ፈጀ፣ ጨረሰ ግን። ባለሙያውን ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቀው "የሰው አደራ ነው" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ለምን ቀን ሲነግረኝ እንደማይዋሽ፣ ለምን ሞተሩን ያለ ሌላ መያዣ እንዳመነኝ ከዚህ በኋላ አልጠየቅኩም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ ዓርብ ከቀትር በኋላ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ሲከፍቱም ሥራ ይደራረባል፣ ስለዚህ ማለዳ ሂዱ። ሞተሩን ከማንሳታችሁ በፊት የታርጋውን ጽሑፍና ቦርዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ገመዶቹን ስትፈቱ የትኛው ከየት እንደነበረ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ ስትመልሱት ወደ ኋላ ሊዞርባችሁ ይችላል። የሚያውሱት ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ወስዶት ሊሆን ስለሚችል እሱን ተማምናችሁ ለደንበኛ ቃል አትግቡ።