ውሃ የሚገፋው ሽፋን በጣና ላይ፦ ክረምቱን ካሳለፈ በኋላ

ከባሕር ዳር ዘጌ ሰውና ጭነት የምታመላልስ የብረት ጀልባ አለችኝ። ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ መደገፊያ ቱቦላሬዎቿን፣ የጣሪያዋን ማዕዘኖችና የሞተሩን መቀመጫ ብሎኖች ውሃ በሚገፋ የሚረጭ ሽፋን አስቀባሁ። አሁን የካቲት ነው።

መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የጠብታው ነገር ነው። ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ሲበልጥ ውሃው ተኝቶ አይረጋም፤ ከ150 ሲያልፍ ደግሞ ድቡልቡል ሆኖ በትንሽ ዘንበል ማለት ይንከባለላል። የእኔም በሐምሌ ዶፍ እንዲያ ነበር፣ ሲያዩት ደስ ይላል።

ግን ጠብታ መንከባለሉና ብረት አለመዛጉ የተለያዩ ናቸው። ተሳፋሪ የሚጨብጠው መደገፊያ ላይ ነሐሴ ሳያልቅ መንከባለሉ ቀረ፤ እጅና ገመድ ፈተጉት። ዝገት ግን እስከ ዛሬ የለበትም፣ ከሥሩ ዚንክ የበዛበት አንቲረስት አለና። ማስታወቂያው «ሌላ ቀለም አያስፈልገውም» ስለሚል የጣሪያውን ማዕዘኖች ሆን ብዬ በባዶ ብረት ላይ አስረጭቼ ነበር። እዚያ ውሃው ዛሬም ይንከባለላል፤ የብየዳው ስፌት ግን ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል!

ምክንያቱ ሽፋኑ ቀጭን መሆኑ ነው። ጠብታን ቢመልስም እንፋሎትና ኦክስጅን ያልፉታል፤ ሻካራ ብየዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የሐይቁ የሌሊት እርጥበት ከላይ አይወርድም፣ በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ እዚያው ይፈጠራል። ዚንክ ግን ቢጫር እንኳ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል። ጣና ጨዋማ ባለመሆኑ ዕድለኞች ነን፤ ቀይ ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ነጠብጣቡ ገና ድሮ በሰፋ ነበር።

ያወጣሁበትን ገንዘብ የካሰኝ ብሎኖቹ ላይ ነው። ቀለም በማይደርስበት ጥርስ ውስጥ ገብቶ ውሃ አላስገባም፤ ሰሞኑን ሞተሩን ስናወርድ በቁልፍ ያለ ትግል ተፈቱ። ለማጠፊያና ለሰንሰለትም እመክረዋለሁ። ውሃና አየር የሚፈራረቁበትን የጀልባዋን ወገብ ግን ለእሱ አትተዉ፤ ያ የወፍራም ኢፖክሲ ቀለም ቦታ ነው።

በሚመጣው ግንቦት ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ወረቀት አስፍቄ፣ ቅባቱን በቲነር ጠርጌ፣ ዚንኩን አስቀድሜ፣ በደንብ ሲደርቅ ሽፋኑን እደርብበታለሁ። መደገፊያው በአንቲረስቱና በቀለሙ ይቀጥላል።