ፕሮሬስ ወይስ ኤች.264? የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር

ፒያሳ ውስጥ ኤዲተሮች ሲገናኙ የማያልቅ ክርክር አለ። ካሜራው የሰጠንን ኤች.264 እንዳለ እንቁረጠው ወይስ መጀመሪያ ወደ አፕል ፕሮሬስ እንቀይረው? ሁለቱም ቪዲዮ ተጨምቆ የሚቀመጥባቸው ፎርማቶች ናቸው።

ቦታ፦ እዚህ ላይ ፕሮሬስ ሆዳም ነው። ፕሮሬስ 422 በፉል ኤችዲ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ለአንድ ሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በሰከንድ 50 ሜጋቢት የተቀረጸ ኤች.264 22 ጊጋ ይበቃዋል። ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ያውም በሁለት ካሜራ! የሃርድ ዲስኩን ወጪ አስቡት።

ፍጥነት፦ ኤች.264 አብዛኛውን ፍሬም የሚያስቀምጠው ከሌሎች ፍሬሞች ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። እስክስታው ላይ አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ስትሉ ኮምፒውተሩ በዙሪያው ያሉትንም መፍታት ይኖርበታል። አሮጌ ላፕቶፕ እዚህ ጋ ይንቀራፈፋል። ፕሮሬስ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚጨምቅ የፈለጋችሁበት ላይ ቀጥ ይላል።

ጥራት፦ መቀየር ጥራት አይጨምርም። ሲቀረጽ ብርሃን በዝቶበት የነጣ የሙሽራዋ ነጠላ በፕሮሬስ አይመለስም።

አደጋ፦ ቅየራው መሃል መብራት ከሄደ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

ዛሬውኑ በቴሌግራም ለሚላክ ክሊፕ፣ ማሽኑም አዲስ ከሆነ፣ ኤች.264 ምን አላት። ብዙ ቀለምና ኢፌክት ለሚጠይቅ ማስታወቂያ ግን ፕሮሬስ። ዲስክ ጠቦ ማሽንም ደክሞ ከሆነ በፕሮሬስ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጫ ብቻ በሚዘጋጅ ቀለል ያለ ቅጂ፣ ቁረጡ፤ በሰዓት 17 ጊጋ ገደማ ነው። ኤክስፖርት ስታደርጉ ዋናውን ፋይል መልሳችሁ ማገናኘቱን እንዳትረሱ።