በሊትር 14 ተብላ የተሸጠችልኝ ቱርቦ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ማደያ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ሃያ ምናምን መኪና አለ፣ ከኋላዬም እንደዚያው። አራት ሜትር እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ልጠብቅ ስል ማሞቂያው አብሮ ይጠፋል፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ በሚያዝያም ቢሆን ምሕረት የለውም። ሳላጠፋ ልቆይ ስል ደግሞ ቤንዚን ለመቅዳት ቤንዚን እያቃጠልኩ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቼ ተራዬ ሲደርስ ቀጂዋ ልጅ መኪናዋን አየት አድርጋ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ከእርስዎ ኋላ የቀዳችው ቪትዝ እኮ ገና አልተመለሰችም።»

ይህን የምጽፈው በዚህች ልጅ ምክንያት ነው።

የመኪናዋን ስም ልተወው። አምራቹ ምንም አላጠፋም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራች፣ ከጀርመን የገባች፣ ሁለት ሊትር ተኩል ሞተር ከነቱርቦው፣ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የምታሽከረክር፣ ማርሿ በእጅ። ኮፈኗ ላይ አየር የሚስብ አፍ አላት። እውነቱን ለመናገር የገዛሁት ያንን አፍ አይቼ ነው። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ሆኗል። ሥራዬ የሕንፃ መሣሪያ መሸጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ምስማርና ቆርቆሮ ሲቆጥር ለሚውል ሰው አንዲት ነገር ትፈቀድለታለች ብዬ ነበር።

ሐምሌ 2016 ነው የገዛሁት። በዚያው ዓመት መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ደላላው ይህችን ወሬ ጥርስ አድርጎ ያዛት። «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና አገር ውስጥ አይገባም። ወርቅ ነው የሚገዙት ጋሼ።»

እኔም ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጠየቅኩ። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?»

ከዳሽቦርዱ ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ጀርመንኛ ነው። ጣቱን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈ። 14.2 ይላል።

«ይኸው፣ ከተማ ውስጥ 14። ፋብሪካው ራሱ የጻፈው ነው። እኔ አላልኩም።»

አስራ አራት! እንዲህ የሚያገሳ ሞተር ይዛ፣ የቪትዝ ፍጆታ። ከሥሩ 8.2 የሚል ሌላ ቁጥር ነበር። «እሱስ?» አልኩት። «እሱ ከከተማ ውጭ ነው። ፍጥነት ሲበዛ ይበላላ!» አለኝ። አመንኩት። ከከተማ ይልቅ አስፋልት ላይ የምትበላ መኪና በዓለም ላይ የት አለች ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ዓይኔ አፏ ላይ ነው።

ቤቴ ጠባሴ ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከዚያ ሱቅ፣ ምሳ ቤት፣ እንደገና ሱቅ፣ ማታ ልጆቹን ይዤ ወደ ቤት። በቀን ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እሱም ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር ሆኖ ተቆራርጦ። በመሃል ድንገት የሚቆም ባጃጅ አለ። ጋሪ አለ። ወደ ደሴ የሚያልፍ ሲኖትራክ አለ። የበግ መንጋም አለ። በግ ለጥሩምባ ደንታ የለውም።

የመጀመሪያውን ወር በስሜት አለፍኩት። ከዚያ ደብተር ገዛሁ። ፓምፑ ጠቅ ብሎ እስኪቆም ሞላሁ፣ ትሪፑን ዜሮ አደረግኩ፣ አስራ ሁለት ቀን እንደወትሮዬ ነዳሁ። ስመለስ 238 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፤ 41 ሊትር ገባላት። ሲካፈል 5.8። ስልኬ ተሳስቷል ብዬ በወረቀት አካፈልኩት። 5.8።

በሽታ ፍለጋው እዚህ ላይ ተጀመረ። መካኒኩ ካንዴላ ነው አለ፤ አራቱም ካንዴላ ተቀየረ። 5.8። የአየር ፊልትሮ ተቀየረ። 5.8። ኢንጄክተር ታጠበ። 5.9 ሆነች፤ ያን ቀን መካኒኩን ምሳ ጋበዝኩት። በሚቀጥለው ሙሊት 5.7 ወረደች፤ የጋበዝኩት ክትፎ ቆጨኝ። ኦክስጅን ሴንሰር ነው የሚል ሌላ ሰው መጣ። እሱም ተቀየረ። ጎማውን ነፋሁት። ከኋላ ሻንጣው ውስጥ የተረሳ ግማሽ ኩንታል ምስማር አወጣሁ። በዚህስ አፍሬያለሁ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ሰኳት። ባለሙያው ለግማሽ ሰዓት ያህል ቁጥሮቹን እያየ ዝም አለ። ከዚያ፦

«ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ምንም የላትም። የት ነው የምትነዳት?»

«ደብረ ብርሃን።»

«አንዴ ስትነሳ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ?»

«ሦስት።»

ገመዱን ነቀለ። ኮፈኑን ዘጋ። ሒሳብ እንኳ በግማሽ ነው የተቀበለኝ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል።

የዚያን ቀን ማታ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ወረቀቱን ከዳሽቦርድ ኪስ አውጥቼ በስልኬ ካሜራ አስተረጎምኩት። ከቁጥሮቹ አናት ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ስልኩ ትንሽ አሰበና ጻፈው፦ «ፍጆታ፣ ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር»።

ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «14ቱ ኪሎ ሜትር አይደለም፣ ሊትር ነው!» አልኳት። ተገላብጣ ተኛች።

እኛ አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይወስዳል ብለን ነው የምንቆጥረው። ቁጥሩ በበዛ መጠን ጥሩ ነው። አውሮፓውያን ገልብጠውታል። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሊትር ትጠጣለች ይላሉ፤ ለእነሱ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ጥሩ። ስለዚህ 14.2 ማለት በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ነው። ያ የናቅነው 8.2 ደግሞ በሊትር 12። ፋብሪካው አንዲት ቃል አልዋሸም። ከተማ ውስጥ ጠጪ ናት ብሎ በግልጽ ጽፎ ሰጥቶኛል። እኔ ኃጢአቷን እንደ ጽድቋ ቆጥሬ ነው የገዛሁት።

ደላላው አውቆ ነው? ቀን ቀን ሳስበው አያውቅም ነበር እላለሁ። ሌሊት ሌሊት ግን ያቺ «ፍጥነት ሲበዛ ይበላላ» ትዝ ትለኛለች። ይቺን ለመመለስ አንድ ሰከንድ እንኳ አላሰበም እኮ! ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን እከራከረዋለሁ። «ስማ፣ አንተ ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ አለህ?» እለዋለሁ። እሱም «ወርቅ ነው ጋሼ» ይለኛል። በሐሳቤም ያሸንፈኛል።

ይሁንና ወረቀቱም ቢሆን 7 ነው የሚለው። የእኔ 5.8 ነው። ቀሪው የት ገባ?

ቀሪው የከተማችን ነው። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ የፍጆታ ፈተና የሚሠራው ቤት ውስጥ ነበር፤ ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ። ለእነሱ «ቀዝቃዛ ሞተር» ማለት ይሄ ነው። እኔ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የፊት መስታወቱን ውርጭ ለብ ባለ ውሃ ነው የማሟሟው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ ከተማ የተተከለው እንዲያው አይመስለኝም። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር ጨምሮ ይረጫል። ዘይቱም ወፍራም ነው፣ እሱን ለማሽከርከር ጉልበት ይፈልጋል። የሙቀት መርፌው ከታች ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል። መሃል ሲደርስ ሱቄ ደጃፍ ነኝ። አጠፋታለሁ። ትቀዘቅዛለች። ከሰዓታት በኋላ እንደገና ከዜሮ። እንዲህ ዓይነቱን ቁርጥራጭ ጉዞ ማንም መኪና አይወደውም፤ የኔዋ ግን ትጠላዋለች።

ቱርቦውስ? ቱርቦው ከተማ ውስጥ ሥራ ፈት ነው። አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ መንፋት የሚጀምረው ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው። እስኪጀምር እኔ ብሬከር ላይ ደርሻለሁ። የቱርቦ ሞተር ደግሞ፣ በተለይ የዚያን ዘመኑ፣ ቱርቦው ሲነፋ ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩ እንዳይንኳኳ ተብሎ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ከተራ ሞተር ያነሰ እንዲሆን ነው የተሠራው። ሳይነፋ ቀስ ብለህ ስትነዳው ታዲያ የሚበላው ከጉልበቱ በላይ ነው። አራቱን ጎማ የሚያዞረው ዘንግና ጥርስም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሦስት ኪሎ ሜትር ኮብልስቶንና አስፋልት ላይ አራት ጎማ ምን ያደርግልኛል? ምንም።

የሳልባትዮው ክዳን ውስጥ 98 የሚል ቁጥር ተለጥፏል። የቤንዚኑ ኦክቴን ነው፣ ማለትም መንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ። አንድ ቀን ቀጂዋን «ከፍ ያለ ቤንዚን አለ?» አልኳት። «ጋሼ፣ ያለው ቤንዚንና ናፍጣ ነው» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሲኖር» ብላ ጨመረችበት።

ገንዘቡን ላውራ፣ ከዚያ እተወዋለሁ። በወር ከተማ ውስጥ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። ይህ 90 ሊትር ነው። በሊትር 14 የምትሄድ መኪና ብትሆን 37 ይበቃት ነበር። ስገዛት ቤንዚን ከመቶ ብር በታች ነበር፤ ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ መቶን ተሻገረ። እንግዲህ በየወሩ ከአምስት ሺህ ብር በላይ ለአፏ እከፍላለሁ ማለት ነው። በቴሌብር ስከፍል የሚስጥር ቁጥሬን የማስገባበት ጣቴ መንቀጥቀጥ የጀመረው በብርዱ ብቻ አይደለም።

በየካቲት አንድ ሳምንት እቤት አቁሜያት በባጃጅ ሱቅ ሄድኩ። ደንበኞቼ አዩኝ። «ጋሼ፣ መኪናዋ ተበላሸች?» «አልተበላሸችም።» «ታዲያ?» መልስ አጣሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ይነቅላል፣ እንደ ስልክ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ሲያየኝ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «በርታ» ይለኛል። እኔም «ዳገት ላይ እንገናኝ» እለዋለሁ። ኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ጉልበቱ እንደማይቀንስ አንብቤያለሁ። እሱ እንዳያነብ እጸልያለሁ።

ሌላው ሌላው ደህና ነው። ወንበሯ ይመቻል፣ ማሞቂያዋ ይሠራል፣ እስካሁን መንገድ ላይ አልጣለችኝም።

እስከ ፋሲካ ድረስ ልሸጣት ወስኜ ነበር። ለበዓሉ እናቴን ላመጣት ደብረ ሲና ወረድኩ። መልሱ ዳገት ነው፤ ወደ ጣርማ በር መውጫውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉም ወርዷል። ጭላዶች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ። ሲኖትራኮች በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይጎተታሉ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተራ ሞተር እዚህ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ድሮ በነበረችኝ መኪና ይህንን ዳገት የምወጣው ኤሲ አጥፍቼ፣ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ነበር። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር አፍሶ ጨምቆ ነው ለሞተሩ የሚያጎርሰው። ደላላው መናገር የነበረበት ይህንን ነበር! አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መንገዱ ክፍት ሲሆን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ተጫንኳት፤ ሽቅብ ሳብ አደረገችን። ፉጨቱ ተሰማ።

እማዬ ከኋላ የበዓል ዶሮዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። «ምንድነው የሚያፏጨው?»

«ቱርቦው ነው እማዬ።»

ዝም አለች። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ይህን ሁሉ ዳገት ሳታርፍ ወጣችው? ደግ በቅሎ ናት። ቀለቧን አትንሳት።»

እሷ ቀለቧ በሊትር ስንት እንደሆነ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። ቤት ስደርስ ደብተሬን አወጣሁ፦ ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር፣ 10.4። ዳገቱ ተጨምሮበት ነው እንግዲህ። ያን ቀን ማንም ስለዚህች መኪና ክፉ ቢናገርብኝ እጣላው ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ደላላው ደወለ። በመጋቢት፣ በንዴቴ ወቅት፣ ገዢ ፈልግልኝ ብዬው ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ከአዲስ አበባ ነው። በጣም ወዷታል። ያቺ ወረቀት አለች አይደል? 14 የምትለዋ? እሷን እንዳይጥሏት አደራ።»

ወረቀቷ አለች። ደብተሩ ውስጥ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። «ነገ እደውልልሃለሁ» አልኩት። ይኸው አስር ቀን አለፈ፣ አልደወልኩለትም። ዛሬ ጠዋት እንደገና ሞላኋት። 5.9።