ካርዳችሁን «እናድሳለን» ለሚሉ ሱቆች አትስጡ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የፖክሞን ካርድ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ፤ ካርዶቹ በመስታወት ሣጥን ተደርድረው፣ ባንኮኒው ላይ «እናጸዳለን፣ እናቃናለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ «አዲስ አድርገን እንመልስልሃለን» የሚል ወጣትም የማይጠፋበት ነው።

የሰጠኋቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው የ102 ካርዶች ስብስብ 4ኛውን፣ ቻሪዛርድ የተባለውን ካርድ ነበር። እርጥበት ጥቂት አጉብጦት ስለነበር እንዲያቃኑትና ፊቱን በደረቅ ጨርቅ እንዲያጸዱት ብቻ ተስማምተን 80 ዶላር ከፈልኩ፤ ደረሰኙም ላይ የሰፈረው ይኸው ነው።

ሲመልሱልኝ በእርግጥም ቀጥ ብሏል። ጀርባውን ስገለብጠው ግን በጠርዙ ላይ ነጭ ነጭ ይል የነበረው መላላጥ ጠፍቶ፣ በቦታው ከካርዱ ሰማያዊ ጠቆር ያለ ቀለም አየሁ፤ ጠጋ ብዬ ባሸተው የማርከር ሽታ ነው። ከቦርሳዬ ከዚያው ስብስብ አንድ ተራ የኢነርጂ ካርድ አውጥቼ ከቻሪዛርዱ ሥር አነባብሬ በግራ በኩል ሳስተካክላቸው፣ በቀኝ በኩል የታችኛው ካርድ እንደ ክር ቀጥኖ ብቅ አለ። ሦስቱን ጠርዝ ቀለም ቀብተው አራተኛውን በምላጭ ቆርጠውታል!

ወጣቱን ብጠይቀው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ከድሮው አያምርም እንዴ?» አለኝ። የተጠራው አለቃ ደግሞ ብሶበት «አንድ ሚሊሜትር ለማይሞላ ነገር ነው እንዲህ የምትጮኸው?» ብሎ፣ መልሴን እንኳ ሳይሰማ ከኋላዬ የቆመውን ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረ። ፒኤስኤን የመሰሉ፣ የካርድን ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ተቆርጦ ወይም ቀለም ተቀብቶ ላገኙት ካርድ ከ1 እስከ 10 ያለውን ቁጥር እንደማይሰጡ ይህ ሰው አያውቅም ብዬ አላምንም፤ በዚያው መስታወት ውስጥ ደረጃ የወጣላቸውን ካርዶች በውድ ዋጋ የሚሸጠው እርሱ ራሱ ነውና። መላላጡ ደረጃውን ዝቅ ያደርገው ነበር እንጂ ጨርሶ አያሳጣውም ነበር። ገንዘቤን ስጠይቅም «ሥራው ተሠርቷል» ብለው አሰናበቱኝ።

የጎበጠ ካርድ ካላችሁ ከፕላስቲክ ልባሱ ሳታወጡ፣ ደረቅ ቦታ ላይ በከባድ መጽሐፍ ሥር ጥቂት ቀን አቆዩት፤ ውኃም ሆነ ላጲስ አታስነኩት። ለሰው መስጠት ግድ ከሆነባችሁ አራቱንም ጠርዝ አስቀድማችሁ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡ።