ስፖርትስተር 56ኬ ሞደም፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ከጅማ ሆኖ አጋሮ ያለ የሊኑክስ ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት

ሰው ሲያየው ይስቃል እኔ ግን ይሄን ሞደም (ኮምፒውተር በስልክ መስመር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እንዲያወራ የሚያደርገውን ሳጥን) ወድጄዋለሁ። ዩኤስ ሮቦቲክስ ስፖርትስተር፣ ውጪ የሚቀመጠው፣ ከኋላው ትናንሽ ዲፕ ስዊቾች (ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፉ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ያሉት። ፈረንጅ አራዳ በኩል ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ልጅ ጋ ነው ያገኘሁት፣ "ብራዘር የዲሽ ነው መሰለኝ" ብሎ በሁለት ኪሎ ቡና ዋጋ ለቀቀልኝ። ሁለተኛውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁት፣ በሁለቱም ጫፍ ሞደም ያስፈልጋላ።

አጋሮ ቡና መጋዘን ውስጥ ደቢያን የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር አለ፣ የሚዛኑን መዝገብ የሚይዝ፣ እሱን የማየው እኔ ነኝ። ኢንተርኔት ሲጠፋ አንድ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሰራ ፕሮግራም) ሪስታርት ለማድረግ 45 ኪሎሜትር መሄድ ያንገበግባል፣ የመዳብ ስልኩ ግን ኢንተርኔት በሌለበትም ብዙ ጊዜ ይሰራል። መዳብ ያልኩት አውቄ ነው፦ በሞባይል አይሞከርም፣ ሞባይል ድምፅን የሚጨምቀው ለሰው ንግግር ተብሎ ስለሆነ የሞደሙን ጩኸት ያበላሸዋል፣ አንቴና ያለው የቤት ስልክም ያው ነው፣ በፋይበር ራውተር በኩል የሚመጣ ስልክም አያስተማምንም። በዛው መስመር ኤዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት) ካለ ደሞ ሞደሙን በስፕሊተሩ (ስልኩንና ኢንተርኔቱን በሚለየው ሳጥን) የስልክ ቀዳዳ አስገቡት።

ፍጥነቱ... ላዩ ላይ 56ኬ ይላል፣ እርሱት። 56 የሚመጣው አንደኛው ጫፍ እንደ ኢንተርኔት አቅራቢ በዲጂታል ከማዞሪያው ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው፣ ሁለት ተራ የስልክ መስመር ላይ ያሉ ሞደሞች ቢበዛ 33.6 ኪሎቢት ናቸው፣ መስመሩ ከተንጫጫ ከዛም ይወርዳል። ለጽሑፍ ግን ከበቂ በላይ ነው፣ ሎግ (ኮምፒውተሩ የሰራውን የሚጽፍበት መዝገብ) ማንበብ፣ በቪአይ የጽሑፍ ፕሮግራም ፋይል ማስተካከል ምንም አይል። ፋይል መላክ ካለባችሁ ዜድሞደም በሚባለው የፋይል መላኪያ ዘዴ ነው፣ አንድ ሜጋባይት ግን ጥሩ መስመር ላይ ራሱ ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ቡና እያፈላችሁ ጠብቁ።

ሶፍትዌሩ ላይ ኤምጌቲ (ሲደወል ሞደሙን አስተናግዶ ሎጊን የሚጠይቅ ፕሮግራም) ተጠቀሙ፣ ተራውን ጌቲ ተዉት። ተራው ጌቲ ሞደሙ ራሱ ስልክ እንዲያነሳ ይፈልጋል፣ ስለዚ ኮምፒውተሩ ሃንግ ቢያደርግ እንኳ ሞደሙ አንስቶ ይጮህባችኋል እናንተም ለባዶ ጥሪ ትከፍላላችሁ። ኤምጌቲ ግን ሞደሙ "ሪንግ" ሲል ሰምቶ ራሱ ነው "አንሳ" ብሎ የሚያዘው፣ ኮምፒውተሩ ከሞተ ስልኩ ዝም ብሎ ይጠራል፣ ያኔ ነገሩ ገባኝ ብላችሁ መኪና ትፈልጋላችሁ። ለዚህ 5ኛው ዲፕ ስዊች ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ላይ ከሆነ ሞደሙ በራሱ ያነሳል። ከስንተኛው ጥሪ በኋላ እንደሚነሳም መወሰን ይቻላል፣ በዛው ስልክ ሰው የሚያወራ ከሆነ ከፍ አድርጉት። የሲሪያል ፖርቱን (ኮምፒውተሩ ከሞደሙ ጋር የሚገናኝበትን ቀዳዳ) ፍጥነት 115200 ላይ ቆልፉት፣ የሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮል (ሁለቱ "ቆይ" "ላክ" የሚባባሉበትን) አብሩ፣ በቃ። እኔ የምደውለው ከላፕቶፕ ሚኒኮም በሚባል ፕሮግራም ነው፣ ላፕቶፑ ሲሪያል ስለሌለው በዩኤስቢ መቀየሪያ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብዙ ሰው የማያየው፦ 1ኛና 6ኛ ዲፕ ስዊች ሁለቱም ወደ ላይ መሆን አለባቸው። 6ኛው ወደ ታች ከሆነ ሞደሙ መስመሩ ኖረም አልኖረም ለኮምፒውተሩ "ተገናኝቻለሁ" እያለ ይዋሻል፣ ስለዚ ስልኩ በመሃል ሲቋረጥ ሊኑክሱ አያውቅም፣ የገባችሁበት ሼል (ትእዛዝ የምትጽፉበት) እንደተከፈተ ይቀራል፣ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ ከነበረና ሞደሙ በራሱ የሚያነሳ ከሆነ ደሞ ቀጥሎ መስመሩን ያገኘ ሰው ፓስወርድ ሳይጠየቅ በሩት ቁጭ ሊል ይችላል ማለት ነው። 1ኛው ወደ ታች ከሆነ በተቃራኒው ኮምፒውተሩ "ዝጋ" ሲለው ሞደሙ አይሰማም፣ ከሎጊን ወጥታችሁም መስመሩ እንደተያዘ ሊቀር ይችላል። ከፊት ያለው ሲዲ የሚለው መብራት ይነግራችኋል፣ ሳይደወል ከበራ ችግር አለ። ያገለገለ ስትገዙ የድሮው ባለቤት እንዴት እንደተወው አይታወቅም፣ የኔ ከአዲስ አበባ የመጣው 6ኛው ታች ሆኖ ነው የደረሰኝ። ለማንኛውም በስልክ ቀጥታ ሩት ሆኖ መግባትን ዝጉት፣ የስልክ ቁጥሮችን ተራ በተራ እየደወሉ ሞደም የሚያድኑ ሰዎች ድሮም ነበሩ።

ፓወር አዳፕተሩን ሳታዩ እንዳትገዙ። የኔዎቹ የሚፈልጉት 9 ቮልት ኤሲ ነው፣ ዲሲ አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ የሚሰጧችሁ ደሞ አብዛኛው ዲሲ ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ከማዞሪያው ኃይል ስለሚያገኝ ይሰራል ሞደሙ ግን አይሰራም፣ ዩፒኤስ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰኩት። የጅማ ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የስልክ ገመዱንም መንቀል ነው፣ መብረቅ በስልክ ሽቦ ይገባል። አጋሮ ያለውን ጥበቃው ይነቅልልኛል፣ መልሶ እስኪሰካው ግን እኔም አልገባም ማንም አይገባም።

ርካሽ ነው ብላችሁ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገባውን የሞደም ካርድ እንዳትገዙ፣ አብዛኛው ስራውን ለዊንዶውስ ሶፍትዌር የጣለ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ድራይቨር ፍለጋ ትከርማላችሁ። ልጁ ጋ አንድ ሁለት እንደዛ አይነት አይቻለሁ፣ ስፖርትስተር ግን አልቋል።